የእግሬ ሽታ

ይህን የምጽፈው እግሩ ወይም እጁ በጄሶ ታስሮ ቤቱ ለተኛ ሰው ነው፤ ለአስታማሚውም ጭምር። ደስ የሚል ንባብ አይደለም፤ ምግብ ላይ ያለ ሰው ቆየት ብሎ ቢያነበው ይሻላል። የሕክምና ቤቶቹን ስም አልጠራም። እኔን ግን ብቸና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ጥቂት እንዳነበበ ማን እንደሆንኩ ይለየኛል።

ስሜነህ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የጤና ቁጥጥር ነበር። በየምግብ ቤቱ፣ በየሥጋ ቤቱ፣ በየጠላ ቤቱ እየገባሁ፣ ብርጭቆ ወደ ብርሃን እያነሣሁ፣ ሽንት ቤት እየከፈትኩ፣ «ይህ ይሸታል፤ ያ ቆሽሿል፤ ይህን አንሡ» ስል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ከኋላዬ «አቶ ይሸታል» እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። አልከፋኝም፤ በእውነት ይሸት ነበራ! ጡረታ ወጥቼም አመሌ አልተወኝም። ሠርግ ቤት ብርጭቆ እመልሳለሁ። ዘመድ ቤት ወጡ ከመቅረቡ በፊት የአቅራቢዋን ጥፍር አያለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ «ካንተ ጋር ሰው ቤት መሄድ ውርደት ነው» እያለች ብቻዋን መሄድ ከጀመረች ቆይታለች።

የወደቅሁት በክረምት፣ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው። ለቅሶው ቤት ሽንቴ መጣ። ሽንት ቤቱን ከፈትኩት፣ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት። ያየሁትን አልጽፈውም። ይዤ ቤቴ እደርሳለሁ ብዬ በአቋራጭ ቁልቁል ስጣደፍ፣ ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ጠላ ቤት ደጃፍ ስደርስ ግራ እግሬ ከሥሬ ሄደ። ጭቃ እንዳይመስላችሁ። አተላ ነው! ከጋን ሥር የተጠረገ፣ የሚያሟልጭ የጠላ አተላ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ተርፎ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። እዚያ ቦይ ውስጥ አተላ እንዳትደፋ ያቺን ሴት ስንት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ። አንድ ጊዜማ ቤቷንም አሽጌባታለሁ።

በጀርባዬ ተዘረርኩ። እግሬ ቦዩ ውስጥ ተጣምሟል፣ ጋቢዬ አተላ ጠጥቷል። ይዤው የነበረውንም ሽንት እዚያው ለቀቅሁት። ይህንን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን የሰው ቆሻሻ ሲቆጥር የኖረ ሰው የራሱን ቢደብቅ ነውር ነው። ከሕመሙ በፊት የተሰማኝ ሽታው ነው። ሴትዮዋ ሮጣ ወጥታ ብብቴ ሥር ገብታ ልታነሣኝ ስትሞክር «አትንኪኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

መጀመሪያ እዚያው ብቸና ከሚገኝ ክሊኒክ ወሰዱኝ። የተቀበለኝ ወጣት የሌላ በሽተኛ ቁስል ሲያሽግ ቆይቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ወደ እኔ መጣ። «ታጠብ» አልኩት። ኩርፍ ብሎ ታጠበ። ቁርጭምጭሚቴን ጫን ጫን አድርጎ «ወለምታ ነው ጋሼ፤ በሳምንት ይተውዎታል» አለና በፋሻ ጠቅልሎ፣ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ። በሳምንቱ እግሬ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ጫማ ቀርቶ ካልሲም አልገባ አለው። ልጄ ደሳለኝ አስተማሪ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ይዞኝ ሄደ። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ፣ ከወንበሩ ሥር የታሰረ ዶሮ ኩሱን እየጣለ አብሮን ተጓዘ።

ሞጣ ካርድ ለማውጣት ተሰልፈን፣ ራጅ ለመነሣት ተሰልፈን፣ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየውና «ወለምታ ነው ያለዎት ማነው? አጥንትዎ እኮ ሁለት ቦታ ተሰብሯል» አለኝ። ቅልጥሜ ላይ ቆዳው ተልጦ ነበር፤ እሱን አጥቦ፣ ጥጥ ጠቅልሎ፣ ከጉልበቴ በታች እስከ ጣቶቼ ድረስ ጄሶ አሰረልኝ። ስንወጣ ሦስት ነገር አስጠነቀቀን። «ውሃ እንዳይነካው። ካተኮሰዎት ይምጡ። ከሸተተዎትም ቀን አይቁጠሩ፣ ይምጡ።»

«ሽታውን ለእኔ ተውልኝ» ብዬ ሳቅሁ።

ቤት ተመለስን። አልጋዬ ሳሎን ተዘረጋ፤ ጠያቂው ይጎርፍ ጀመር። በሽተኛ መጠየቅ ደግ ልማድ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ግን ሰው ሲጠይቅ ለምን ጄሶ ያንኳኳል? የመጣው ሁሉ ደጅ እንደሚያንኳኳ ሰው በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ «አይ፣ ጠንክሯል» ይለኛል። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ በጭቃ ልብሱ ይቀመጥና፣ እግሩ ስለተቆረጠው ያክስቱ ባል ያወራልኛል። በየቀኑ አንድ እግር ሲቆረጥ እሰማ ነበር።

ሽታው የጀመረኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ እርጥብ ጆንያ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ሌላ ነገር ገባበት፤ ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በሥራ ዘመኔ በየቤቱ ስዞር ቁስሉን ደብቆ የተኛ ሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ። የዚያ ሰው እግር በኋላ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል።

«ይታይሽ፣ እግሬ ይሸታል» አልኳት።

«ላንተ ምን የማይሸት ነገር አለ?» አለችኝ፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም።

ደሳለኝን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ፣ ከክንድ ርቀት ላይ አየር ሳብ አደረገና «የጄሶ ሽታ ነው አባዬ። ስድስት ሳምንት ያልታጠበ እግር ምን ይሸታል ብለህ ነው?» አለኝ። ገና ሦስት ሳምንት አልሞላኝም ነበር። እዚያ ክሊኒክ ያለውን ወጣት በስልክ አስጠየቅሁት። «ላብ ነው በላቸው፤ እሳቸው እንደሆኑ እጄንም ይሸታል ብለውኛል» አለ አሉ።

እየቆየ ያንዘፈዝፈኝ፣ ያተኩሰኝ ጀመር። ይታይሽ ግንባሬን ዳሰሰችና «ምች ነው የመታህ፤ ትናንት በሩ ተከፍቶ ስትበላ ነበር» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ፊቴንና ደረቴን ቀባችኝ። ምች የሚሉት ያው ትኩሳትና የአፍ መቁሰል ሲመጣ ሁሉም ቤት የሚሰጠው ስም ነው። ዳማከሴውን በጧትም በማታም ቀባችኝ፤ የተረፈውን ቅጠል ራስጌዬ አስቀመጠችው። ቤቱ ሁሉ ዳማከሴ ዳማከሴ አለ። የገባ ጠያቂ «ጥሩ ይሸታል» ይል ጀመር። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ይሸታል ስል ሰው ባይወደኝም ያምነኝ ነበር። አሁን የራሴ እግር አልጋዬ ላይ እየበሰበሰ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ሲደጋግሙብኝም አፍንጫዬ ዋሽቶኝ ይሆን እያልኩ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ።

በዚህ መካከል ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። ወይዘሮ ባንቺአየሁን ለቀበሌው የምከስበትን አቤቱታ ደሳለኝን አስጽፌ ራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ። ወሬው ደረሳት። አንድ እሑድ የነፍስ አባቴን አባ ጥበቡንና አንድ ሽማግሌ አስቀድማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ።

«ተቀመጡ እንጂ አባቴ» አልኩ።

«ካልታረቅህ አንቀመጥም ልጄ። ይህች ሴት አጥፍታለች፤ አጠፋሁ ብላም መጥታለች። ይቅር በላት» አሉ አባ ጥበቡ።

«አልልም። ስንት ዓመት ነገርኳት! ይኸው እግሬ አልጋ ላይ...»

ተናግሬ አልጨረስኩም። ሴትዮዋ አቀርቅራ ከቆመችበት ቀና አለች። አፍንጫዋ ሲነቃነቅ አየሁት።

«አባ፣ ይቆዩኝማ። ምንድን ነው እዚህ ቤት የሚሸተው?»

«ዳማከሴ ነው፤ ምች መትቶት» አለች ይታይሽ፣ ፊቷ ቀላ ብሎ።

«ዳማከሴውንስ ለየሁት። ከሥሩ ሌላ አለ።»

ወደ አልጋዬ መጣችና ተንበረከከች። ከዚያ እኔ ራሴ የተጸየፍኩትን እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ አፍንጫዋን ከጣቶቼና ከጄሶው መካከል አስጠግታ ሳበችው። ያንን ያደረገ ሰው አልነበረም። የወለድኩት ልጅ እንኳ ከክንድ ርቀት ነው ያሸተተኝ።

«አቶ ስሜነህ፣ ይህ እግር ተበላሽቷል» አለች። «ድፍድፍ ሲበላሽ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ከጋኑ ሥር ነው የሚጀምረው። ስንቱን ጋን ደፍቻለሁ፣ አይጠፋኝም። ዛሬውኑ ይሂዱ። ነገ አይበሉ።»

«ሳምንት ሙሉ ነገርኳቸው እኮ» አልኩ። በዚያች ሴት ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ደሳለኝ መኪና ፍለጋ ሮጠ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ፣ እኔም ይቅር ሳልል ወጣን። የጄሶውን እግር እስከ መኪናው ድረስ ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። «አትንኪኝ» አላልኳትም።

ከይታይሽና ከደሳለኝ ጋር ሞጣ ስንደርስ የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር። ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረችው ሴት ልጇን አቅፋ ተነሣች። ቀጥሎ የነበረው ሰው ስልክ የሚያወራ መስሎ ሄደ። ሌላው አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነ። ስንቱን ሰው በዓይኔ እንዲህ አስነሥቻለሁ! የሚሸተው አሁን እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። እናቱን ይዞ የመጣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ብቻ ከአጠገቤ አልተነሣም፤ ሞጣ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም መሆኑን ኋላ ስናወራ ነገረኝ። ከኪሱ ትንሽ የሽቶ ብልቃጥ አወጣና መጀመሪያ የራሱን እጅ ቀባ፣ ከዚያ የእናቱን፣ ከዚያ እንደ ተራ ነገር «ጋሼ፣ እርስዎም» ብሎ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገልኝ። ለእኔ ብሎ እንዳደረገው እንዳይታወቅብኝ ነው። እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ሐኪሙ ጄሶውን በመጋዝ ሰነጠቀው። ሲከፈት ደሳለኝ ወደ ደጅ ሮጠ፤ ሲያስመልሰው ሰማሁት። ጥጡ ረጥቦ አረንጓዴ ሆኗል። ቅልጥሜ ላይ ያ የተላጠው ቦታ እንደ መዳፍ ሰፍቶ መግል ይዟል፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተሸብሽቦ ከጥጡ ጋር ይላጣል። አየሁት፤ የራሴ እግር አንገሸገሸኝ።

«ወደ አጥንቱ አልገባም» አለ ሐኪሙ፣ ብዙ ካየው በኋላ። «ገብቶ ቢሆን እግሩን ለማዳን ይከብደን ነበር። ጥቂት ቀን ብትቆዩ ኖሮ የምንነጋገረው ሌላ ነው። ግን ይህ ጥጥ ለምን ረጠበ? ውሃ ነክቶታል?»

«በፍጹም!» አልኩ። «እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ።»

ሐኪሙ ወደ ይታይሽ ዞረ። ግድግዳው ሥር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«ውሃስ ጠብ አላለበትም» አለች። «ጠበል ነው።»

ሐኪሙ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጧት ጧት ነው። የሕመም ኪኒኑን ውጦ ሲተኛ፣ ከላይ በጉልበቱ በኩል አንድ አንድ ኩባያ አፈስለታለሁ። ነግሬው ቢሆን እሺ አይለኝም።»

ጧት ጧት ጄሶው ውስጥ ቅዝቅዝ የሚለኝን ላብ ብዬው ኖሯል! አፍንጫዬን ሳምን ቆዳዬን ሳላምነው ቀረሁ። ሐኪሙ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ጠበሉን ይጠጡት፣ ፊታቸውንም ይታጠቡበት። ጄሶው ግን ጠበልና ውሃ መለየት አይችልም» አላት።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። መድኃኒቱ በደም ሥሬ ይገባል፤ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል። ሲታጠብ የማወጣው ድምፅ እኔኑ ያሳፍረኝ ነበር። ሽታው መጀመሪያ ሳሳ፣ ቀጥሎ ጠፋ፣ በመጨረሻም የአዮዲን ሽታ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ የሚጥም ሽታ በሕይወቴ አላሸተትኩም። ከዚያ ቁስሉን ለማጠብ መስኮት የተተወለት አዲስ ጄሶ አስረውልኝ ወደ ብቸና መለሱኝ።

ይታይሽን ግን ማናገር ተውኩ። የሰጠችኝን እበላለሁ፣ ፊቷን አላይም። ገላዬን የሚያጥበኝ፣ ፖፖውን የሚያነሣልኝ ደሳለኝ ብቻ እንዲሆን አዘዝኩ። እሱም አፍንጫውን በጣቱ ይዞ ያነሣልኛል። አንድ ቀን እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ሆዴ ተነሣብኝና አልደርስ አልኩ። አንሶላውን አበላሸሁት። ይታይሽ ሰምታ መጣች። ሳፋ አምጥታ፣ አገላብጣ አጥባኝ፣ አንሶላውን ቀየረችው። ፊቷን አየሁት፤ እንደ ወትሮው ፊቷ ነው፣ ምንም አላጨማደደችውም።

«ተጸየፍከኝ፣ አይደል?» አለችኝ እየጨረሰች። «እኔ አንተን አንድ ቀን ተጸይፌ አላውቅም። እዚህ የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ተቆረጠ፣ ተቆረጠ ሲል እኔም እሰማ ነበር። እግርህ እንዳይቆረጥ ፈርቼ ነው ያፈሰስኩት።»

ለካ አንድ ፍርሃት ነበር የምንፈራው፤ እኔ ስናገር አልተሰማሁም፣ እሷም ለመናገር እኔን ፈራች። «ሁለተኛ ስታፈሺ ቀስቅሺኝ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ። ጄሶ የታሰረ ሰው እግሬ ይሸታል ካለ አመለኛ ነው አትበሉት። ጎንበስ በሉና ከቅርብ አሽትቱት፤ ከዚያም ውሰዱት። በተረፈ ጄሶ አታንኳኩ።

ጄሶው ወልቆ፣ በሁለት ክራንች፣ ኋላም በአንድ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ያ ያልተጨረሰ የእርቅ ነገር ያሳክከኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ አቤቱታውን ኪሴ ከትቼ፣ ቁልቁል ወደ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጠላ ቤት ወረድኩ። በቦዩ አጠገብ ሳልፍ አየሁት። ደርቋል። በጓሮ የአተላ ጉድጓድ እንዳስቆፈረች ሰምቼ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ግን በፊቴ አላሳየሁም።

ስታየኝ ጮቤ ረገጠች። ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝና ጠላ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። ልማድ ነውና ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ ከዚያ አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። እሷ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

«ይሸታል?» አለችኝ።

ያቺ ሴት እግሬን አትርፋልኛለች። አይሸትም ብዬ ብጠጣው ምን ነበረበት? ግን እሷን መዋሸት አልሆነልኝም።

«ብርጭቆው እርጥብ ጨርቅ ይሸታል» አልኳት።

ተቀብላኝ ራሷ አሸተተችው። ዓይኗን ጨፍና ደገመችው።

«እውነትዎን ነው» አለች። አለችና በዚያው እጇ ጠላውን በበሩ በኩል ቸለስ! ቦዩ ላይ፣ እኔ የወደቅሁባት ቦታ ላይ።

«ባንቺአየሁ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጠጪው ሁሉ እኛን ያያል። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ወገቤን እስኪያመኝ ሳቅሁ። «ስለ እግሬ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። «ይህ ወረቀት ግን እኔው ዘንድ ይቆያል፤ ቦዩ ይህን ዓመት ደርቆ ከከረመ እቀደዋለሁ።»

በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳችልኝና ጠጣሁ። ከዚያ ክራንቼን አንሥቼ፣ የደፋችውን ዞሬ፣ በሁለት እግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።